«ከሃያ በላይ አይሆንም»፦ የአንድ አማካሪ መሐንዲሶች ድርጅት የቪዲዮ ስብሰባ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

በ2017 ዓ.ም. በጋ፣ ሐዋሳ ውስጥ በመገንባት ላይ በነበረ አንድ ሕንፃ የሁለተኛው ፎቅ ምሰሶዎች ፌሮ ታስሮ ካለቀ በኋላ እንዲፈታ ታዘዘ። አርማታ ሊሞላ የቀረው አንድ ቀን ነበር። ስታፋዎቹ፣ ማለትም የምሰሶውን ቋሚ ብረቶች ዙሪያውን አቅፈው የሚይዙት የብረት ቀለበቶች፣ ከታች እስከ ላይ በየሃያ ሳንቲ ሜትር ታስረዋል። አዲስ አበባ ያለው አማካሪ ድርጅት በምሰሶዎቹ ጫፎች አካባቢ ርቀቱ ወደ አሥር ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ትእዛዝ ሰጥቻለሁ አለ። የሥራ ተቋራጩ ፎርማን ደግሞ በዚያው ስብሰባ ላይ እንደነበረ፣ ትእዛዙን በጆሮው እንደሰማና እንደታዘዘው እንዳሠራ ተናገረ።

ከሁለቱ የዋሸ አልነበረም። ጉዳዩ ለመመዝገብ የበቃውም ስለዚህ ነው። የባከነው ጉልበት ለአንድ ግንባታ ትልቅ ኪሳራ አይባልም፤ ስህተቱ የመጣበት መንገድ ግን ሥራውን በቪዲዮ ስብሰባ የሚመራ ማንኛውንም መሥሪያ ቤት ሊገጥም ይችላል። እኔ ወደ ነገሩ የገባሁት የድርጅቱን የኢንተርኔት መስመር እንድመረምር ተጠርቼ ነው። ድርጅቱም ሰዎቹም ስማቸው እንዳይነሳ በጠየቁት መሠረት አልተነሳም።

ድርጅቱና አሠራሩ

ድርጅቱ በለገሃርና በሜክሲኮ መካከል ባለ አንድ የቆየ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። የሕንፃ ዲዛይን ይሠራል፤ የግንባታ ቁጥጥርም ያካሂዳል። ዲዛይኑ የሚሠራው እዚሁ ቢሮ ሲሆን ተቆጣጣሪ መሐንዲሶቹ ሐዋሳና ጅማ በሚገኙት የግንባታ ቦታዎች ይቀመጣሉ። የስትራክቸር ስሌቶችን በመጨረሻ የሚያዩት ሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ የሚኖሩ አንጋፋ መሐንዲስ ናቸው። ቢሮው ውስጥ ከሥራ አስኪያጇ እስከ ተላላኪው ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል።

ከኮሮና በፊት ከጋሼ ጋር የሚገናኙት በስካይፕ ነበር፤ ወደ ሐዋሳና ወደ ጅማ በመኪና ይኬድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመጣ ቢሮው ዙም መጠቀም ጀመረ። ጊዜው የዙም ዕለታዊ ተሰብሳቢዎች ቁጥር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ገደማ ወደ 200 ሚሊዮን የዘለለበት ነው። ወረርሽኙ ሲያልፍም ልማዱ ቀረ ማለት አልሆነም። የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ሐዋሳ አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ውይይት ሲላክ ደርሶ መልሱ ሁለት የሥራ ቀን ይበላል። ስለዚህ የረቡዕ ስብሰባ ቋሚ ሆነ፤ ሰዓቱም ለጋሼ ሲባል ከቀኑ 11 ሰዓት ተደረገ።

ሰዓቱ ራሱ ትንሽ ታሪክ አለው። አሜሪካ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ታዛውራለች፤ እኛ አናዛውርም። በበጋቸው ዋሽንግተን ከእኛ በሰባት ሰዓት ትዘገያለች፣ በክረምታቸው በስምንት። ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰዓታቸው ሲለወጥ በሚቀጥለው ረቡዕ ጋሼ አንድ ሰዓት ዘግይተው ገቡ፤ ቢሮው ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ተኮልኩሎ ይጠብቅ ነበር። በላዩ ላይ የጥሪው መልእክት አንድ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም አቆጣጠሮች በአንድ መስመር መጻፍ ግዴታ ሆነ። ችግሩም በዚሁ ተፈታ፤ ስለ ሰዓት ሌላ የምለው የለም።

የሆነው ነገር

በታኅሣሥና በጥር ወራት በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር። ሐዋሳም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ናት። ምሰሶ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ይበልጥ የሚጎዳው ከወለልና ከጣሪያ ጋር በሚገናኝበት ጫፉ አካባቢ ስለሆነ ስታፋ በዚያ ቦታ መጠጋጋት አለበት። ጋሼ የሐዋሳውን ስዕል እንደገና ሲያዩ ርቀቱ ከላይ እስከ ታች ሃያ መሆኑን ነቀሱ። በረቡዑ ስብሰባ ላይም እንዲህ አሉ፦ «የስታፋው ርቀት ጫፍ ላይ ከሃያ ወደ አሥር ይውረድ፤ ከአሥር በላይ አይሆንም።»

ሐዋሳ የደረሰው ግን «የስታፋው ርቀት ጫፍ ላይ ከሃያ… በላይ አይሆንም» የሚል ነበር።

ይህን በእርግጠኝነት ለማወቅ የተቻለው የሐዋሳው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ማስታወሻ ለመያዝ እንዲረዳው በሌላ ስልክ ድምፁን ይቀዳ ስለነበር ነው። የቢሮው ቅጂ ሙሉውን ይዟል፤ የሐዋሳው ቅጂ መሐል ላይ ለአፍታ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አዳመጥናቸው። የጎደለው ዓረፍተ ነገር የተሰበረ አይመስልም፤ ሰዋስው ሙሉ ነው፣ ትርጉሙም የሚያስኬድ ነው። እንዲያውም ሥራ ላይ ያለው ስዕል ሃያ ስለሚል ፎርማኑ የሰማው ትእዛዝ ሳይሆን ማረጋገጫ መሰለው። የቀረችውን አፍታ ጋሼ ትንፋሽ የወሰዱባት አድርጎ አለፋት።

ድምፅ ተቆራርጦ ጭራሽ የማይሰማ ሲሆን ሰው «ይደገም» ይላል። ተቆርጦም የሚገባ ሲሆን ግን ማንም አይጠይቅም። የዚህ ጉዳይ ክፉው ጎን እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስብሰባው በአንድ ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከተሳታፊዎቹ አንዱ ቅንድቡን ያነሳ ነበር፤ ጎረቤቱም ያይለት ነበር። በስክሪን ላይ ቅንድብ አይታይም። አንጋፋ ሰው ሲናገር አቋርጦ «አልሰማሁም» ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ የሚከብድ ነገር ነው። ፎርማኑም፣ ወጣቱ ተቆጣጣሪም ዝም አሉ፤ ዝምታቸው በቢሮው በኩል እንደ «እሺ» ተቆጠረ።

ምርመራው

ድርጅቱ የጠራኝ «መስመሩ ደካማ ነው፣ ፍጥነቱ ይጨመር» በሚል ግምት ነበር። ግምቱ በከፊል እንኳ ልክ አልነበረም። የቢሮው መስመር ለስብሰባው ይበቃ ነበር፤ የሚያንቀው ሌላ ነገር ነው።

የዲዛይን ክፍሉ የዕለቱን ስዕሎች ወደ ውጭ ማከማቻ መጫን የሚጀምረው የሥራ ሰዓት ሊያበቃ ሲል፣ ማለትም ልክ 11 ሰዓት ላይ ነበር። የስዕል ፋይል ከባድ ነው። የመጫኛው መስመር ሲሞላ ራውተሩ የስብሰባውን ድምፅ ከስዕሎቹ ኋላ ያሰልፈዋል። ፍጥነት የሚለካ ማንኛውም ሰው ጠዋት መጥቶ ቢለካ ችግር አያይም። በስብሰባው ሰዓት ሲለካ ግን የምላሽ መዘግየቱ ከአንድ ሰከንድ ያልፍ ነበር። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቀጥ ያለ ገመድ ቢኖር እንኳ ከ150ው ውስጥ ወደ 60 የሚጠጋው ማንም ሳይነካው በርቀቱ ብቻ ይሄዳል። በቀረው ላይ ቢሮው የራሱን ወረፋ ሲጨምርበት ሰዎች እርስ በርስ መነጋገር ትተው እየተላተሙ መናገር ይጀምራሉ።

የሐዋሳው ሕመም ግን ሌላ ነበር። እዚያ ስብሰባው የሚገባው በተቆጣጣሪው መሐንዲስ የግል ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ነው። ድርጅቱ «ካሜራ ይከፈት» የሚል ደንብ ነበረው። ሥራ አስኪያጇ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ስብሰባ ከፍተው ሌላ ሥራ እንዳይሠሩ ነው፤ ሐሳቡ አይነቀፍም። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው። በዙም የራሱ መመሪያ መሠረት ድምፅ ብቻ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢት ይበቃዋል፤ ጥራቱ 720ፒ የሆነ የሁለት ሰዎች የምስል ጥሪ በየአቅጣጫው 1.2 ሜጋ ቢት ይፈልጋል። አንድ ሰዓት ሲቆይ ድምፁ በየአቅጣጫው ቢበዛ 36 ሜጋ ባይት ይወስዳል፤ ምስሉ 540። ደካማ ሲግናል ባለበት የግንባታ ቦታ ይህን ሸክም የተሸከመ ስልክ መጀመሪያ ማንጠባጠብ የሚገባው ምስሉን ነበር፤ በተግባር ግን ድምፁም አብሮ ይንጠባጠብ ነበር።

የዳታው ወጪስ ከማን ኪስ ይወጣ ነበር? ይህን ጥያቄ በስብሰባ ላይ ማንም አንስቶት አያውቅም። ሐዋሳ ሄጄ ከመጋዘኑ ጎን ባለችው ቆርቆሮ ክዳን ሥር ከፎርማኑ ጋር ሻይ ስንጠጣ ነው የወጣው። «ኢንጂነር ካሜራ ክፈቱ ካሉ እንከፍታለን» አለኝ። «ካርዱን ግን ማን ይሞላልናል?» የእሱ ስልክ በስብሰባው ቀን ፓኬጁ አልቆ ከዋናው ሒሳብ ላይ መቁረጥ ስለጀመረ ዘግቶ ከተቆጣጣሪው ስልክ ላይ ተጠግቶ ያዳምጥ ነበር። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ትንሽ ስልክ፣ ከጀርባ ማደባለቂያ እየዞረ። ጅማም ስንጠይቅ ነገሩ ያው ሆነ። ለወራት «ኔትወርክ አስቸገረን» ሲባል የነበረው ከፊሉ የእውነት የኔትወርክ ችግር ነው፤ ከፊሉ ግን ሰው በኪሱ አለመሙላት አፍሮ የሰጠው ስም ነበር። ቢሮው በቴክኒክ ሊፈታው ሲታገል የኖረውን ይህን ክፍል የፈታው የሒሳብ ክፍሉ ነው።

የተወሰዱ ርምጃዎች

በቢሮው በኩል የተደረገው ቀላል ነው። ስዕል የመጫኑ ሥራ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በራሱ እንዲጀምር ተደረገ። የስብሰባ ክፍሉ ከራውተሩ በሁለት ወፍራም ግድግዳ የተለየ ስለነበር በዋይፋይ ፋንታ ገመድ ተዘረጋለት። መብራት ሲጠፋ የሕንፃው ጄኔሬተር እስኪነሳ ስብሰባው ይበተን ነበር፤ ከዕቃ ክፍል የወጣ አሮጌ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ለራውተሩ ብቻ ተሰጠ። ራውተር የሚበላው ኃይል ጥቂት ዋት ስለሆነ ለኮምፒውተር ደቂቃዎች የማይቆየው ዩፒኤስ ለራውተር ብዙ ይቆያል። ለእያንዳንዱ የግንባታ ቦታ አንድ ታብሌትና በድርጅቱ ስም ወርኃዊ ፓኬጅ የሚሞላለት ሲም ካርድ ተሰጠ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከአንድ በላይ ኦፕሬተር ስላለ በታብሌቱ ውስጥ ሁለተኛ ሲም ከሌላው እንዲቀመጥ ተደረገ፤ አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው ይቀየራል።

የካሜራው ደንብ ተገለበጠ። ለሰላምታ ሁሉም ይከፍታል፤ ከዚያ ይዘጋል። እንደገና የሚከፈተው ፊት ለማሳየት ሳይሆን ሥራ ለማሳየት ነው። የግንባታው ቦታ ታብሌቱን ይዞ ወደ ምሰሶው ይሄዳል፣ ሜትር ይዘረጋል፣ ቁጥሩን ያስነብባል። የአንድ መሐንዲስ ፊት ለአንድ ሰዓት ከሚታይ አንድ ስታፋ ለአንድ ደቂቃ ቢታይ ለሥራው ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

ስዕል በስክሪን ማጋራትም ቀረ። በስብሰባው ዋዜማ የሚታየው ስዕል ተለይቶ በፒዲኤፍ በቴሌግራም ይላካል፤ በሁሉም እጅ ይታተማል። በስብሰባው ላይ «ገጽ አራት፣ ምሰሶ ሲ-3» ማለት ብቻ ይበቃል። የስክሪኑ ምስል ደብዝዞ ቁጥሩ ስምንት ይሁን ሦስት ሲያከራክር የነበረው ጣጣ አብሮ ቀረ።

ከሁሉም ይበልጥ ጥቅሙ የታየው ግን ቴክኖሎጂ ያልነካው ርምጃ ነው። ቁጥር ያለበት ማንኛውም ትእዛዝ በተቀባዩ አንደበት ተመልሶ እንዲነገር ተወሰነ። አብራሪዎች ከመቆጣጠሪያ ማማ የተሰጣቸውን ከፍታ መልሰው እንደሚናገሩት ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ አልያዘም። ሰብሳቢዋ «የተረዳኸውን ንገረን» ስትል ወጣቶቹ እንደ ፈተና ቆጠሩት፤ ፎርማኑም «ሰምቻለሁ አልኩ እኮ» ብሎ ቅር አለው። መፍትሔው ከጋሼ መጣ። ትእዛዝ በሰጡ ቁጥር «በሉ መልሱልኝ፣ ጆሮዬ እየደከመ ነው» ማለት ጀመሩ። ጆሮአቸው ምንም አልሆነም። ግን እሳቸው ካሉ መመለስ አክብሮት ሆነ፤ አለመመለስ ነው ነውሩ። ዝም ያሰኘው ወግ አናጋሪ ሆኖ አረፈ።

በመጨረሻም ቃለ ጉባኤው በዚያው ምሽት ተጽፎ በቴሌግራም ቡድኑ ላይ እንዲወጣ፣ የግንባታ ቦታውም በትእዛዝ መዝገቡ ላይ ገልብጦ እንዲፈርም ሆነ። በቃል የተነገረ ነገር መዝገብ ላይ እስካልሰፈረ ድረስ ፌሮ አይቆረጥበትም።

ያልሠራው

ሦስት ነገሮች ተሞክረው አልያዙም። አንደኛው በራስ ሰርቨር መሰብሰብ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በውጭ አገልግሎት ሲሰበሰቡ ለገሃር አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ድምፅ ሐዋሳ ለመድረስ መጀመሪያ ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር ይሄዳል፤ ከዚያ ይመለሳል። ስለዚህ ጂትሲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ተጫነ። እውነትም በአገር ውስጥ ያሉት ሲነጋገሩ መዘግየቱ በግልጽ ቀነሰ፤ የነፃው ዙም የ40 ደቂቃ ገደብም ቀረ። ለጥቂት ሳምንታት ሁሉም ተደሰተ።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ማንም መግባት አልቻለም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ የሚጠቀመው ነፃ የደኅንነት ሰርተፊኬት በ90 ቀን የሚያበቃ፣ ራሱን በራሱ የሚያድስ ነው። ለማደስ ፖርት 80 የሚባለው የሰርቨሩ የኔትወርክ በር ክፍት መሆን አለበት። ከሳምንታት በፊት አንድ ሙያተኛ ፋየርዎሉን ሲያጠብቅ ስብሰባው የሚጠቀምባቸውን ፖርት 443ን እና ፖርት 10000ን ብቻ ትቶ ሌላውን ዘግቷል። በዚያን ዕለት ሁሉም ነገር ሠራ፤ ሁለት ጊዜ ተፈትኖም ሠራ። ሰርተፊኬቱ ሊታደስ ሲሞክር በሩን ዝግ አገኘው፤ ለማንም ሳይናገር ቀኑ አለፈ። ስህተቱ በግማሽ ሰዓት ተፈታ። ሥራ አስኪያጇ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «ይህን የሚያውቀው ሰው ፈቃድ ላይ ቢሆን ኖሮስ?» ሠላሳ ሠራተኛ የማይሞላ ድርጅት ለስብሰባ ብሎ የሰርቨር ጠባቂ አይቀጥርም። ወደ ዙም ተመለሱ። የ40 ደቂቃው ገደብም አብሮ ተመለሰ። እኔ ካየኋቸው ሰብሳቢዎች ሁሉ እሱን የሚተካከል የለም፤ ማንንም አይፈራም፣ ማንንም አያፈራም፣ አጀንዳ የሌለውን ያስወጣል። ድርጅቱ የሚከፈልበትን አገልግሎት በውጭ ምንዛሪ ለመግዛት ከጀመረ በኋላ ሐሳቡን የተወው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቃለ ጉባኤ ማስያዝ ነው። የተሞከረው ፕሮግራም እንግሊዝኛውን በደንብ ይይዛል። የእኛ መሐንዲስ ግን በአማርኛ ጀምሮ የሙያውን ቃል በእንግሊዝኛ፣ የግንበኛውን ቃል በጣሊያንኛ ዝርያ ይጨርሳል። «ምሰሶው ይጨመር» የተባለው «ምሳው ይጨመር» ሆኖ ሲወጣ ቢሮው ለአንድ ሳምንት ሳቀበት። ስታፋና ሶሌታማ (የወለል አርማታ) ጨርሶ አይታወቁትም። የሚያስቀው ስህተት ግን አያሰጋም። የሚያሰጋው ቁጥርን በሌላ ቁጥር ተክቶ ያማረ ዓረፍተ ነገር ሲያወጣ ነው፤ ይህ ደግሞ የሐዋሳውን ታሪክ በወረቀት ላይ መድገም ይሆናል። አሁን ፕሮግራሙ ረቂቅ ያወጣል፤ ጸሐፊዋ ድምፁን እየሰማች ቁጥሮቹን ታርማለች። የተቆጠበው ጊዜ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ጅማ ነው። ግንባታው ያለበት ቦታ ሁለቱም ሲም ካርዶች በበቂ የማይሠሩበት ሸለቆ ነው። እዚያ የቪዲዮ ስብሰባ አልተሳካም፤ እስካሁንም አልተሳካም። ጅማ በመደበኛ የስልክ ጥሪ ይገባል፤ ፎቶዎችን ማታ ከከተማ ይልካል። ይህን እንደ ውድቀት የሚቆጥሩ አሉ። የጅማው ትእዛዝ ግን በስልክ ተነግሮ፣ ተመልሶ፣ ተጽፎ ስለሚሄድ አንድም ጊዜ አልተዛባም።

ሌላ መሥሪያ ቤት ምን ይውሰድ

ተመሳሳይ ቅሬታ ያለው መሥሪያ ቤት ፍጥነት ከመግዛቱ በፊት በስብሰባው ሰዓት መስመሩን ማን እንደሚጠቀምበት ይመልከት። መለኪያው በስብሰባው ሰዓት መሆን አለበት፤ ጠዋት የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል። ቀጥሎ የተሳታፊዎቹን ወጪ ይጠይቅ፤ በስብሰባ ላይ ሳይሆን ለብቻ፤ በአደባባይ የሚጠየቅ ሰው ገንዘብ የለኝም አይልም።

ድምፅና ምስል እኩል አይታዩ። ምስል ሲቆም ሁሉም ያያል፤ ድምፅ ሲጎድል ግን የጎደለበት ሰው ራሱ ላያውቅ ይችላል። መልሶ መናገር የሚያስፈልገውም ለቁጥር፣ ለስም፣ ለቀንና ለ«አዎ» እና «አይደለም» ነው። ለሁሉም ነገር ከተደረገ ይሰለቻል፤ ሲሰለችም ይቀራል። ልማዱንም ከላይ ያለው ሰው ይጀምረው። ከታች የሚጀምረው ሰው መጠራጠር ይመስልበታል።

የትኛውም ርምጃ የሰውን መገናኘት ሙሉ በሙሉ አልተካም። የሐዋሳውን ስህተት አርማታ ሳይሞላ ያገኘው በመኪና ሄዶ በሜትር የለካ መሐንዲስ ነው። ድርጅቱ ጉዞውን ቀንሷል፤ ከአርማታ በፊት ያለውን ጉዞ ግን አልነካውም፣ እንዳይነካውም መክሬአለሁ።

ከዚህ ወዲያ

ስለ ቪዲዮ ስብሰባ መጪ ጊዜ ሲነገር የሚቀድመው ምስል ነው፤ ይበልጥ የጠራ፣ ይበልጥ የገዘፈ፣ በመነጽር የሚታይ። ይህ ተስፋ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ፒክቸርፎን የተባለውን ባለ ምስል ስልክ ለሕዝብ ሲያሳይ ነገ የእያንዳንዱ ቤት ዕቃ ይሆናል ተብሎ ነበር። በገበያ ላይ ከሰረ። ምስል ያለው ጥሪ የተስፋፋው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2003 የመጣው ስካይፕ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ምስል ሲጨምርና ዋጋው ነፃ ሲሆን ነው።

ለእንደዚህ ዓይነቱ ቢሮ ተስፋ ያለው እድገት የሚታየው በድምፅ በኩል ነው። ኦፐስ የተባለው የድምፅ ማመቂያ እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃ ሆኖ ከጸደቀ ጀምሮ አብዛኛው የኢንተርኔት ጥሪ የሚመረኮዝበት ሆኗል፤ በሰከንድ ከ6 ኪሎ ቢት ጀምሮ ይሠራል። በ2024 የወጣው 1.5 እትሙ እያንዳንዱ የድምፅ ቅንጣት ከእሱ በፊት ያለፈውን አንድ ሰከንድ ያህል ድምፅ እጅግ ተጨምቆ አብሮ እንዲይዝ ያስችላል። መሐል ላይ የጠፋው፣ ቀጥሎ ከመጣው ውስጥ ይወጣል ማለት ነው። «ወደ አሥር ይውረድ፤ ከአሥር» የሚለው ቁራጭ ወደ ሁለት ሰከንድ ስለሚጠጋ ሙሉውን ባያድነውም ቢያንስ አንዱን «አሥር» ያተርፈው ነበር። ለፎርማኑ አንዱ ይበቃዋል። በአንጻሩ የጠፋውን ድምፅ በግምት የሚሞላ ዘዴ ለሙዚቃና ለወግ ይሁን እንጂ ለፌሮ ቁጥር አልመኘውም።

ሌላው ለውጥ በአንድ ሰዓት አብሮ መቀመጥን የማይጠይቅ ሥራ ነው። ድርጅቱ አሁን ከጋሼ ጋር የሚሠራው አብዛኛው ነገር በስዕሉ ላይ በሚጻፍ ማስታወሻ ነው። አዲስ አበባ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይልካል፤ እሳቸው በቀናቸው አይተው በቀይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ይጠብቀዋል። በክረምታቸው ያለው የስምንት ሰዓት ልዩነት እንዲህ ሲያዝ ሸክምነቱ ይቀርና ሁለተኛ ፈረቃ ይሆናል። ስብሰባው ወደ ሃያ አምስት ደቂቃ ወርዷል፤ የሚነሳበትም በጽሑፍ ያልተስማሙበት ነገር ብቻ ነው።

መድረኮቹ ራሳቸውም አይዘልቁም። ስካይፕ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋ፤ እኛ የድል በዓል የምናከብርበት ቀን ነበርና ቢሮው ዝግ ነው። የዓመታት መልእክትና የተላላኩት ስዕል እዚያ ነበረ። ከመዘጋቱ በፊት ወርዶ በድርጅቱ ዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ ሆኖም ይህ የሆነው አንዲት ወጣት አርክቴክት ማስታወቂያውን አይታ ስለነገረች እንጂ ደንብ ስለነበረ አይደለም።

ያልተዘጋው ጥያቄ የቅጂዎቹ ነው። በሐዋሳው ጉዳይ እውነቱን ያወጣው ሰዎች ሳያውቁት የተቀዳ ድምፅ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይቻልም። የድርጅቱ ጠበቃ ከሥራ ተቋራጮች ጋር በሚደረገው አዲስ ውል ውስጥ የሚገባ አንቀጽ እያረቀቁ ነው። ስብሰባው እንደሚቀዳ ሁሉም ቀድሞ ያውቃል፤ ቅጂው አርማታው እስኪጸድቅ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ ክርክር ሲነሳ የሚያሸንፈው የተፈረመበት መዝገብ ይሆናል። ሥራ ተቋራጩ በሁለተኛው ነጥብ አልተስማማም፤ ቅጂው እስከ መጨረሻው ርክክብ ይቆይልኝ ይላል። ድርድሩ ቀጥሏል።